በየትኛው ግዕዝ ነው የተጻፈው?

ነገሩ የሆነው በ1998 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ከቃሊቲ ማረሚያ ቤት በር ፊት ለፊት ተደርድረው ከነበሩት የቆርቆሮ ቤቶች አንዷ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነበረች። በግራዋ ሻይ ቤት፣ በቀኟ የጠያቂዎችን ሞባይል በሳንቲም የምታስቀምጥ ሱቅ አለች። እኔ ፍሎፒ ዲስክ ይዤ ገባሁ። ጸሐፊዋ ዲስኩን ተቀብላ ኮምፒዩተሯ ውስጥ ከመክተቷ በፊት ቀና ብላ አየችኝና፣

«ጋሼ፣ በየትኛው ግዕዝ ነው የተጻፈው?» አለችኝ።

ጥያቄው አልገባኝም። የሕግ ትምህርት ቤት ብዙ ነገር አስተምሮኛል፤ ግዕዝ ከአንድ በላይ መሆኑን ግን አልነገረኝም። «በአማርኛ ነው የተጻፈው» አልኳት። ሣቅ አለችና ፋይሉን ከፈተችው። ስክሪኑ ላይ የወጣው ነጥብና ጭረት የተለጠፈባቸው የላቲን ፊደላት መንጋ ነበር፤ መሐል መሐል ላይ ባዶ ሳጥኖች ተገድግደዋል። ሁሉንም ጽሑፍ መርጣ ፎንቱን ስትቀይረው ደግሞ ፊደላቱ የእኛው ፊደላት ሆኑ፤ ግን አንድም ቃል አልነበረም። ሀ ጋር ጰ፣ ጰ ጋር ሿ። በገዛ ቋንቋዬ መሃይም የሆንኩ መሰለኝ።

«እኔ ጋ ያኛው ሶፍትዌር የለም» አለችኝ። «ወረቀቱን ይስጡኝና እንደ አዲስ ልጻፈው።»

ወረቀቱ የይግባኝ ቅሬታ ነበር። ደንበኛዬ በዕድሜ ገፋ ያሉ የመጋዘን ሠራተኛ ነበሩ፤ ንብረት በማጉደል ተከሰው ተፈርዶባቸዋል። በሥራ ላይ የነበረው የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ የፍርዱ ግልባጭ ከደረሰ በኋላ ቅሬታው በ30 ቀን ውስጥ እንዲቀርብ ያዛል፤ ይግባኝ ባዩ እስረኛ ከሆነ ደግሞ ወረቀቱን የሚያስገባው በማረሚያ ቤቱ ኃላፊ በኩል ነው። ያ ዕለት ሃያ ዘጠነኛው ቀን ነበር። ጽሑፉን ልደታ አካባቢ አስተይቤ፣ አሳትሜ፣ በሳሪስ በኩል በታክሲ ቃሊቲ ደረስኩ። እርሳቸው መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና፣ «ልጄ፣ ይኼ እኔ አይደለሁም» አሉኝ። የአያታቸው ስም ተሳስቷል። እስረኛ በማረሚያ ቤት መዝገብ የሚታወቀው እስከ አያት ባለ ስሙ ነው፤ በእስክሪብቶ እንዳላርመው ደግሞ ስርዝ ድልዝ ያለበት ወረቀት ተመላሽ ይሆናል ብዬ ፈራሁ። ወጣትነት ነው። ዛሬ ቢሆን አርሜ አስፈርማቸው ነበር።

ልጅቷ ከወረቀቱ እየተመለከተች አራቱን ገጽ በአንድ ሰዓት ከሩብ እንደገና ጻፈችው። በሁለተኛው የይግባኝ ነጥብ ሥር፣ በተከታታይ የቆሙ ሁለት አንቀጾች «የሥር ፍርድ ቤት ቅጣቱን ሲወስን» ብለው ይጀምሩ ነበር። ዓይኗ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ዘለለ። የወደቀው አንቀጽ ደንበኛዬ ከፍርዱ በፊት በእስር ያሳለፉት ጊዜ ከቅጣቱ እንዲታሰብላቸው የሚጠይቀው ነበር። እኔም የአያታቸውን ስም ብቻ አይቼ፣ ሌላውን ሳላነብ አስፈርሜ አስገባሁት። በወራት ዕድሜ ውስጥ ይግባኝ ሰሚው ችሎት ቅጣቱን ቀነሰላቸው፤ ስላልተጠየቀው ጉዳይ ግን ምንም አላለም። በማመልከቻ እስኪስተካከል ድረስ፣ መውጣት ከነበረባቸው ቀን በላይ 53 ቀን ታሰሩ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ጸሐፊዋም፣ ሶፍትዌሮቹም፣ ችሎቱም አልበደሉኝም፤ ሁለቱ ሶፍትዌሮች የትኞቹ እንደነበሩ እንኳ እዚህ ላይ አልጠራም። ይሁን እንጂ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ ሲከነክነኝ ኖሯል። ልደታ ላይ በአማርኛ የተጻፈ ገጽ፣ በዚያው ከተማ ቃሊቲ ላይ የማይነበበው ለምንድን ነው? ኋላ እንደተረዳሁት መልሱ ግማሹ ቴክኒክ፣ ግማሹ ንግድ ነው። ስለ ቴክኒኩ ብዙ ተጽፏል። እኔ የምጽፈው ይበልጡን ስለ ንግዱ ነው።

ቴክኒኩን ባጭሩ ላስረዳ። ኮምፒዩተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። ፋይል ውስጥ የሚቀመጠው 65 የሚል ቁጥር ቢሆን፣ ያንን ቁጥር «A» አድርጎ የሚሥለው ፎንቱ ነው። በዚያ ዘመን ለአንድ ፎንት የተመደበው ቦታ 256 ብቻ ነበር፤ ከዚያም ላይ ጥቂት የማይባለው ለማሽኑ ለራሱ ትእዛዝ የተያዘ ነው። የእኛ ፊደል ደግሞ ከ33ቱ ቤት በሰባት ስናባዛው ብቻ 231 ይሆናል። ዲቃሎቹን፣ ከ፩ እስከ ፼ ያሉትን ሃያ አኃዞች፣ ሁለት ነጥብና አራት ነጥቡን ስንጨምር ሞልቶ ይፈሳል። ስለዚህ እያንዳንዱ የሶፍትዌር ሠሪ የራሱን መላ መታ። አንዱ ፊደሉን በሁለትና በሦስት ፎንት ከፋፈለው፤ ሌላው ቀለሙን ከቁርጥራጭ ገጣጠመው፤ ሁሉም ግን የእንግሊዝኛውን ቁጥሮች ባዶ ቤት አስመስለው ገብተው፣ በየፊናቸው ሀን አንዱ ጋ፣ ለን ሌላው ጋ አስቀመጡ። ቁጥሩ ያው ነው፤ ሥዕሉ ግን እንደ ፎንቱ ባለቤት ይለያያል። እኔ ቃሊቲ ላይ ያየሁት ይኸንኑ ነበር። የአንዱን ቁጥር በሌላው ሥዕል አየሁት።

ጥረቱ የተጀመረው በ1980ዎቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። በአሜሪካ የሚኖሩት አቶ ፍስሐ አጥላው በዳሽን ኢንጂነሪንግ ስም ካወጡት ከሞድኢት ጀምሮ፣ በእንስሳት ሕክምና የሠለጠኑት ዶ/ር አበራ ሞላ እስከደከሙበት ድረስ፣ መነሻው በአብዛኛው የግለሰቦች ትጋት ነበር። ከዚያ በኋላ ስሙ በዛ። ብራና፣ አጋፋሪ፣ ዋሸራ፣ ኢትዮወርድ፣ ግዕዝኤዲት ... በአዲስ አበባ ቢሮዎች ውስጥ ሥር የሰደዱት ግን በዋነኛነት ሁለቱ ነበሩ፦ የኮንሰፕት ዳታ ሲስተምስ ፓወር ግዕዝና የከስቶር ኮምፒዩቲንግ ቪዥዋል ግዕዝ። በጋዜጣ የሚወጡ የጸሐፊነት የሥራ ማስታወቂያዎች ላይ የሁለቱ ስም ከወርድና ከኤክሴል ጎን ሲጠቀስ አስታውሳለሁ። ሰፈር ውስጥ ያለ የኮምፒዩተር ማሠልጠኛም በበሩ ላይ የሚለጥፈው የእነርሱን ስም ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ሁለቱም ሆነ ስለ ሌሎቹ ፍትሐዊ መሆን ያሻል። በዚያን ጊዜ በአዲስ አበባ ሶፍትዌር ገዝቶ መጠቀም ማለት እንደ ሞኝነት ይቆጠር ነበር። ዊንዶውሱም ኦፊሱም በሲዲ ተገልብጦ የሚሸጥበት ከተማ ነው። አንድ የግዕዝ ሶፍትዌር ሠሪ ዓመታት ደክሞ ያወጣውን ሥራ አንድ መሥሪያ ቤት ገዝቶ ለሃምሳ ኮምፒዩተር ይገለብጠዋል። የቅጂ መብት አዋጁ፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ የኮምፒዩተር ፕሮግራምን እንደ መጽሐፍ ጠብቆለታል፤ ወረቀት ላይ። አጥር የሌለው ሰው ታዲያ ምን ያደርጋል? ያለውን ሁሉ አጥር ያደርገዋል። ለእነዚህ ድርጅቶች ከሁሉ የጠነከረው አጥር የቁጥር ሠንጠረዣቸው ነበር። መሥሪያ ቤቱ አንዴ ሺህ ደብዳቤ በአንዱ ከጻፈ፣ ወደ ሌላው መሄድ ማለት ሺውን ደብዳቤ ጥሎ መሄድ ነው። ጸሐፊዋም ጣቷ የለመደውን የቁልፍ አቀማመጥ አትለቅም። እኔም ለደንበኞቼ ተመሳሳይ ምክር እሰጥ ነበር መሰለኝ።

በዚህ ስሌት ከሄድን የተፎካካሪን ፋይል መክፈት ሁለት ስለት ያለው ቢላዋ ነው። የእኔ ሶፍትዌር የአንተን ፋይል ከከፈተ፣ ደንበኞችህ ያለ ፍርሃት ወደ እኔ ይመጣሉ። የአንተም የእኔን ከከፈተ፣ የእኔዎቹ ወደ አንተ ይሄዳሉ። ብዙ ደንበኛ ያለው ወገን ስለዚህ በሩን መዝጋት ይመርጣል፤ ጥቂት ያለው ደግሞ መክፈት ይፈልጋል፣ ቁልፉ ግን በእጁ አይደለም። ሁለቱ በደንበኛ ብዛት ሲቀራረቡ ማንም ቀድሞ አይከፍትም። ገበያው የተጠቃሚውን ችግር እያየ ዝም ያለው ሰዎቹ ክፉ ስለሆኑ ሳይሆን፣ ቀድሞ የተነሣው እንደሚጎዳ ሁሉም ስለሚያውቅ ነበር።

ይህ የእኛ ብቻ ጠባይ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1997 ስቲቭ ጆብስ ቦስተን ላይ ከመድረክ ቆሞ፣ ማይክሮሶፍት ለማኪንቶሽ ኮምፒዩተሮች ኦፊስን ለአምስት ዓመት ማውጣቱን ሊቀጥል መስማማቱን፣ 150 ሚሊዮን ዶላርም በአፕል ላይ ማዋሉን ሲያስታውቅ፣ አዳራሹን የሞሉት የአፕል ወዳጆች አጉረመረሙ፤ የቢል ጌትስ መልክ በትልቁ ስክሪን ላይ ሲወጣም ጮኹበት። አፕል ያን ጊዜ በኪሳራ አፋፍ ላይ ነበር። ወርድና ኤክሴል የማይሠሩበት ኮምፒዩተር ማን ይገዛል? ማይክሮሶፍትም ቢሆን የሰጠው በደግነት ብቻ አልነበረም፤ ሁለቱ የፓተንት ሙግታቸውን በዚያው ስምምነት ዘግተዋል፣ በሞኖፖሊ የሚከሰስ ድርጅትም ተፎካካሪው በሕይወት ቢቆይለት ይመርጣል። ለማለት የፈለግኩት፣ ባላንጣዎች አንዱ ለሌላው በር የሚከፍቱት ሁለቱም የሚፈሩት ነገር ሲኖር ነው። የእኛዎቹ የሚፈሩት ሦስተኛ አካል አልነበራቸውም። በኋላ መጣ፤ ሲመጣ ግን ለድርድር ጊዜ አልሰጣቸውም።

ከፍርሃት ሌላ ያለው መንገድ ሕግ ነው፤ የሙያዬ ነገር ሆኖ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። አውሮፓውያን እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጡት የሶፍትዌር መመሪያ፣ አንድ ባለሙያ የራሱን ፕሮግራም ከሌላ ሰው ፕሮግራም ጋር ለማናበብ የግድ ሲሆንበት፣ የሌላውን ፕሮግራም ፈትቶ እንዲያጠና በተወሰነ ሁኔታ ፈቅደዋል። ከዚያም አልፈው፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2004 የአውሮፓ ኮሚሽን ማይክሮሶፍትን 497 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣው። ከጥፋቶቹ አንዱ የተፎካካሪዎቹ ሰርቨሮች ከዊንዶውስ ጋር እንዲግባቡ የሚያስፈልገውን መረጃ መከልከሉ ነበር። ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. መስከረም 2007 ውሳኔውን አጸናው።

የእኛስ ሕግ? በ1995 ዓ.ም. የወጣው የንግድ አሠራር አዋጅ ቁጥር 329/1995 በገበያ ላይ የበላይነትን አላግባብ መጠቀምን ይከለክል ነበር። ነገር ግን ሁለትና ሦስት ትንንሽ ድርጅቶች በተካፈሉት ገበያ ማንን የበላይ ትለዋለህ? ይልቅ እኔን የሚገርመኝ ሌላው ነው። አዋጅ 410/1996 ፕሮግራሙን ሲጠብቅ፣ ሐሳብን፣ የአሠራር ዘዴንና የቁጥር ሠንጠረዥን ከጥበቃው ውጭ አድርጓል። ሀ በየትኛው ቁጥር ላይ፣ ለ በየትኛው ቁጥር ላይ እንደተቀመጠ የሚያሳይ ዝርዝር ከቁጥር ሠንጠረዥ ሌላ ምን ሊባል ነው? በእኔ ንባብ፣ ቢያንስ ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ አንዱ ድርጅት የሌላውን ሠንጠረዥ አጥንቶ ፋይሉን የሚከፍት መሣሪያ ቢሠራ የሚከለክለው የቅጂ መብት አልነበረም። አጥሩ በሕግ የቆመ አልነበረም ማለት ነው። ነገሩ ችሎት ቀርቦ ሲመረመር ግን አላየሁም፤ የሚከራከረኝ የሙያ ባልደረባ ካለ ደስ ይለኛል።

ይቻል እንደነበረም ምስክር አለ። አቶ ዳንኤል ያዕቆብና ዶ/ር ይትና ፍርድይወቅ፣ ሴራ በሚል አኅጽሮት የሚታወቀውን፣ አማርኛን በላቲን ፊደላት በአንድ ወጥ ሥርዓት የሚጽፍ ዘዴ አወጡ። አቶ ዳንኤል ከዚያ አልፈው የብዙዎቹን ሶፍትዌሮች ሠንጠረዥ ሰብስበው ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያገላብጡ ፕሮግራሞችን ጻፉና በነፃ ለቀቁ። ማለትም ባለቤቶቹ ለንግድ ሲሉ ያልሠሩትን ድልድይ፣ በባሕር ማዶ ያሉ ጥቂት ሰዎች ከሥራ ሰዓታቸው ውጭ ሠሩት። ቃሊቲ በር ላይ ያለችው ልጅ ግን ኢንተርኔት አልነበራትም፤ ስለ እነርሱም ሰምታ አታውቅም። እኔም እንደዚያው።

ችግሩን የፈታው ከውጭ የመጣ ነገር ነው። የዜሮክሱ ጆ ቤከር እ.ኤ.አ. በ1988 የዓለምን ፊደላት በሙሉ አንድ የቁጥር ሥርዓት ውስጥ ለማስገባት ያቀረበው ሐሳብ ዩኒኮድ ተባለ። ሐሳቡ ቀላል ነው። 256 ቦታ ካነሰ፣ ለምን ብዙ ሺህ አናደርገውም? ለእያንዳንዱ ፊደልም በዓለም ላይ የማይደገም የራሱ ቁጥር ይሰጠዋል። የግዕዝ ፊደል የሚገባበትን መንገድ ካመቻቹት መካከል አቶ ፍስሐ፣ ዶ/ር ይትናና አቶ ዳንኤል ይገኛሉ፤ በማን ምን ተሠራ የሚለው ክርክር ዛሬም ስላልበረደ ከዚያ ብወጣ ይሻለኛል። እ.ኤ.አ. መስከረም 1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ 345 የፊደላችን ምልክቶች ቦታቸውን ያዙ። ሀ ቁጥሩ 4608 ሆነ፤ ፼ ደግሞ 4988። ከዚያ ወዲህ ሀ የማንም ድርጅት አይደለችም።

የእኔ ነገር ግን የሆነው በ1998 ዓ.ም. ነው፤ ቁጥሩ ከተሰጠ ሰባት ዓመት ሊሞላው ሲል። ደረጃ መውጣትና ደረጃ መሥራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቢሮዎቻችንን የሞላው ዊንዶውስ ኤክስፒ የራሱ የሆነ የግዕዝ ፎንት አልነበረውም። ማይክሮሶፍት ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ የመጣው እ.ኤ.አ. ጥር 2007 ለገበያ ካቀረበው ቪስታ ጋር ነው። መንግሥት በዚያ ሰባት ዓመት ውስጥ ከሁሉ የበለጠ አቅም የነበረው ገዢ ነበር። በጨረታ ሰነዱ ላይ «ዩኒኮድን የማይጽፍ አልገዛም» የሚል አንድ መስመር ቢጨምር፣ ድርጅቶቹ በአንድ ዓመት ውስጥ ይስተካከሉ ነበር ብዬ አምናለሁ። እኔ በምመላለስባቸው ቢሮዎች ያየሁት ግን ሌላ ነው። አንዱ መምሪያ አንዱን፣ ጎረቤቱ ሌላውን ይገዛል፤ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ከሦስተኛ ፎቅ ወደ አራተኛ ፎቅ የሚሄድ ደብዳቤ በወረቀት ይሄዳል።

ቪስታ ከመጣ፣ በኋላም የእጅ ስልኩ ፊደላችንን ይዞ ከመጣ ወዲህ፣ አጥሩ ራሱ ትርጉም አጣ። ፓወር ግዕዝም ቪዥዋል ግዕዝም የዩኒኮድ ፎንትና አጻጻፍ ይዘው ወጡ። ፋይላቸው እርስ በርሱ ተናበበ፤ ዘግይቶ ግን፣ የሚሸጥ ነገር እየጠፋ ሲሄድ። ሃያ ዓመት ፊደላችንን ኮምፒዩተር ላይ ያቆዩልን የአገር ልጆች፣ ገበያውን ያጡት በመካከላቸው ባለው ፉክክር ተሸንፈው አይደለም፤ ፊደሉን በነፃ በሚሰጥ ግዙፍ ነው። ቀደም ብለው ተስማምተው አንድ ሠንጠረዥ ቢይዙና በአጻጻፍ ፍጥነት፣ በፊደል አራሚ፣ በመዝገበ ቃላት ቢወዳደሩ ኖሮ፣ ግዙፉ ሲመጣ የሚሸጡት ነገር ይኖራቸው ነበር። ከሆነ በኋላ መናገር ቀላል መሆኑን አውቃለሁ።

አሁን ከዚህ ሁሉ የሚያሳስበኝ ወደኋላ የቀረው ነው፤ ለዚህም ወደ ቃሊቲ ልመለስ። ከርቸሌ እ.ኤ.አ. በ2004 ተዘግቶ እስረኞቹ ወደ ቃሊቲ ከተዛወሩ በኋላ፣ የከርቸሌም ግቢ በኋላ ለአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ቦታውን ከለቀቀ ወዲህ፣ በከተማችን «ወረደ» ማለት ቃሊቲ ወረደ ማለት ሆኖ ነበር። እኔ ፍሎፒዬን ይዤ በሩ ላይ በቆምኩበት ወቅት፣ ከምርጫ 97 በኋላ በጥቅምትና በኅዳር 1998 የታሰሩት የፖለቲካ መሪዎችና ጋዜጠኞች እዚያው ግቢ ውስጥ ነበሩ። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ምሳ ዕቃ የያዙ እናቶች፣ ሚስቶች፣ ልጆች። የአስኳልና የሳተናው አሳታሚዎች እስክንድር ነጋና ሰርካለም ፋሲል፣ የኢትኦጵ ሲሳይ አጌና፣ የሐዳር ዳዊት ከበደ በዚያ ዘመን የታሰሩ ናቸው። በ1999 ዓ.ም. አንዳንዶቹ በነፃ፣ ሌሎቹ በይቅርታ ወጡ። ጋዜጦቻቸው ግን አብረው አልወጡም።

የዚያ ዘመን ጋዜጣ ደግሞ እንዴት እንደሚዘጋጅ በሙያው ያለን እናውቃለን። ጽሑፉ ከግዕዝ ሶፍትዌሮቹ በአንዱ ይተየባል፤ በፔጅሜከር ይቀነበባል፤ ወደ ማተሚያ ቤት ይሄዳል። የታተመው ቅጂ በወመዘክር ሊገኝ ይችላል። ዲጂታሉ ግን በየሰው ቤት፣ በተቃጠለ ሃርድ ዲስክና በሻገተ ሲዲ ላይ፣ ፎንቱ በጠፋበት ቁጥር ነው የተቀመጠው። የ1980ዎቹና የ1990ዎቹን፣ በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ የግል ፕሬስ ታሪክ ሊጽፍ የሚነሣ ወጣት ተመራማሪ ፋይሉን ቢያገኝ እንኳ የሚያየው እኔ ቃሊቲ ያየሁትን ነው። ፎንቱ አብሮ የተሰፋበት ፒዲኤፍ ቢሆንም ፈተና አለው። ለዓይን ጥርት ያለ አማርኛ ነው፤ አንድ ስም ልፈልግ ብለህ ብትጽፍ ግን «አልተገኘም» ይልሃል። ከውስጥ ያለው አማርኛ አይደለማ። ሕግ ነክ ሰነዶች ላይ ይህ በየሳምንቱ ያጋጥመኛል። ሰነዱ አለ፣ ፊት ለፊትህ ነው፣ አንቀጹን ግን ገጽ በገጽ ካላገላበጥክ አታገኘውም።

ጥያቄው ራሱ ዛሬ መልኩን ቀይሮ ተመልሷል። ቴሌብር በግንቦት 2013፣ ኤምፔሳ ደግሞ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2023 ሥራ ሲጀምሩ፣ የአንዱ ገንዘብ ከሌላው ኪስ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ጉዳይ የእኔን ፍሎፒ አስታወሰኝ። እዚህ ላይ ግን ሁኔታው በሁለት ነገር ይለያል። ባንኮች ቀደም ብለው፣ እ.ኤ.አ. በ2011፣ ኢትስዊች የተባለውን የጋራ ድርጅት አቋቁመው ነበር፤ ከዓመታት በኋላም የአንዱ ባንክ ካርድ በሌላው ኤቲኤም ገንዘብ ማውጣት ጀመረ። ከበላያቸውም «ተናበቡ» ብሎ የማዘዝ ሥልጣን ያለው ብሔራዊ ባንክ አለ። የግዕዝ ሶፍትዌሮች ዘመን የጎደለው ይህ ነበር፤ የጋራ ቤትም፣ የሚያዝ አካልም አልነበረም።

ያ ፍሎፒ ዛሬም አለኝ። አምና ቤት ስናጸዳ ከአሮጌ የመዝገብ ፎልደር ውስጥ ወደቀ። የፍሎፒ ማንበቢያ ከየት ይገኛል ብዬ ስጠይቅ ብዙ ሰው ሣቀብኝ፤ በመጨረሻ ኮምፒዩተር የሚጠግን አንድ ወጣት ከዕቃ መጋዘኑ አውጥቶ ሰካልኝ። ዲስኩ ሃያ ዓመት ገደማ ቆይቶም ተነበበ። ፋይሉ ሲከፈት እነዚያው ነጥባም የላቲን ፊደላት ወጡ። ወጣቱ የተጻፈበትን ሶፍትዌር ከፎንቱ ስም ለይቶ፣ አንድ የመገልበጫ ፕሮግራም አውርዶ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ወደ ዩኒኮድ መለሰልኝ።

ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ ከላይ በአምስተኛው መስመር፣ አንቀጹ አለ። «የሥር ፍርድ ቤት ቅጣቱን ሲወስን» ይልና፣ በእስር ያሳለፉትን ጊዜ በወርና በቀን ቆጥሮ እንዲታሰብላቸው ይጠይቃል። የአያታቸው ስም ግን አሁንም ስሕተት ነው።